ሲሊና ሃይንስ እና የሴንት ጆንስ ነፋስ

ሲሊና ሃይንስ ሁለት ክረምት አጠገቤ በቀኝ ወንበር በርራለች። እኔ ካፒቴን፣ እሷ ረዳት አብራሪ። የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ነበረች፤ እጇ የረጋ፣ ምላሷ ስል። አባቷ ትዊሊንጌት በምትባል የባሕር ዳርቻ መንደር ዓሣ ያጠምዳል።

አንድ ልማድ ግን ነበራት። ለማረፍ ስንቃረብ ነፋሱ ከጎን በርትቶ ከሆነ፣ "ካፒቴን፣ ይቺን እርስዎ ያሳርፉልኝ፤ ዛሬ እጄ ደክሟል" ትለኛለች። የምናርፍበት ሴንት ጆንስ ደግሞ ነፋስ ያልነፈሰበት ቀን ሳምንት ሙሉ የሚወራበት ከተማ ነው። እናም ማሳረፉ ሁልጊዜ የእኔ ሆነ።

ምክንያቱን የነገረችኝ የበረራ አስተናጋጃችን ብራይድ ናት። ከእኔ ጋር ከመመደቧ ከዓመት በፊት ሲሊና ከሌላ ካፒቴን ጋር ስትበር የአውሮፕላኑን አፍንጫ ከማኮብኮቢያው ጋር ሳታስተካክል ጎማው መሬት ነካ። አውሮፕላኑ ወደ ጎን ተንገጫገጨ። ሰው አልተጎዳም። ካፒቴኑ ግን በሰው ፊት፣ "አንቺ የአባትሽ ጀልባ ይሻልሽ ነበር" አላት።

"የጎዳት ማረፉ አይደለም" አለችኝ ብራይድ። "ንግግሩ ነው።"

አንድ የመጋቢት ከሰዓት ከሃሊፋክስ ወደ ሴንት ጆንስ ስንመጣ፣ የማማው ተቆጣጣሪ ነፋሱ ከግራ ሃያ ሁለት ኖት፣ ሲበረታ ሠላሳ፣ ማለትም በሰዓት ከሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ፣ መሆኑን ነገረን። ከባድ ነው፤ ግን ከአውሮፕላኑ አቅም አያልፍም። ሲሊና አፏን ሳትከፍት ቀደምኳት።

"ዛሬ እጄ ደክሟል።"

ዞር ብላ አየችኝ። "የማን እጅ?"

"የእኔ። አርጅቻለሁ።"

"ይቀልዳሉ አይደል?"

"አልቀልድም። ካስፈለገ እኔ እዚሁ ነኝ። ማሳረፉ ግን ያንቺ ነው።"

የወንበሯን ቀበቶ አጠበቀችና "እሺ" አለች።

ከደመናው ስንወጣ ማኮብኮቢያው ከፊታችን ሳይሆን ወደ ቀኝ ገለል ብሎ ታየን። በጎን ነፋስ እንዲህ ነው፤ አፍንጫው ወደ ነፋሱ ዞሮ አውሮፕላኑ በመስመሩ ላይ አግድም ይሄዳል። ሲሊና ግን ነፋሱ በገፋት ቁጥር መሪውን ታወዛውዝ ጀመር። ክንፎቹ እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ አሉ።

"ነፋሱን አታሳድጂው" አልኳት። "የመጣው ይሄዳል። አንቺ መስመርሽን ያዢ።"

መሬት ልንነካ ትንሽ ሲቀረን አንድ ኃይለኛ ነፋስ ወደ ማኮብኮቢያው ቀኝ ጠርዝ ገፋን።

"እንነሳለን!" አለችና ሞተሩን ሙሉ ጉልበት ሰጠችው። ሽቅብ ወጣን።

"አበላሸሁት" አለች፣ ፊቷ አመድ መስሎ።

"ምኑን? መነሳት ሲገባሽ ተነሳሽ። ነዳጅ ሞልቶናል። ደግመሽ ሞክሪ፤ እምቢ ካለ ጋንደር አየር ማረፊያ ሄደን ሻይ እንጠጣለን።"

"የጋንደር ሻይ? የዕቃ እጣቢ!" አለች። ትንሽ ሳቀች፤ ትከሻዋም ወረደ።

በሁለተኛው ዙር ነፋሱ አልቀነሰም። እጇ ግን ረጋ። ማኮብኮቢያው ላይ ስንደርስ አፍንጫውን በጥቂቱ ቀና አደረገች፤ በቀኝ እግሯ መርገጫውን ገፍታ ከመስመሩ ጋር አስተካከለችው፤ መሪውን ወደ ግራ አዙራ የነፋሱን ወገን ክንፍ ዝቅ አደረገች። የግራው ጎማ ነካ፣ ቀጥሎ የቀኙ፣ መጨረሻ የፊቱ። ለስላሳ አልነበረም። እንዲህ ባለ ቀን ለስላሳ ማረፍ የሚመኝ ሰው አየር ላይ ሲንሳፈፍ ማኮብኮቢያው ያልቅበታል። ፍጥነታችን እስኪቀንስ ድረስ መሪውን ወደ ነፋሱ እንዳዞረች ቆየች።

ተሳፋሪዎች ሲወርዱ በሩ ላይ ቆምን። ወይዘሮ ፒትማን የተባሉ፣ ምርኩዝ የያዙ አሮጊት ሲሊና ፊት ቆሙ።

"በመጀመሪያው ምን ሆኖ ነው ተመልሰን የወጣነው?"

"አላማረኝም፣ እማማ። ስለዚህ ተውኩት።"

"አበጀሽ፣ የኔ ልጅ። ባሌ አንድ ቀን እንዲህ ባለ ነፋስ 'ተመለስ' ቢሉት እምቢ ብሎ ነው ባሕር ላይ የቀረው።" ጉንጯን ሳሟትና ምርኩዛቸውን እየተመረኮዙ ወረዱ።

ሲሊና በዓይኗ ሸኘቻቸው። ከዚያ ወደ ወንበሯ ተመልሳ ተቀመጠች። ብራይድ ውኃ አመጣችላት፤ እኔም ፋታ እንድታገኝ የበረራ ወረቀቶቹን ቀስ ብዬ ሞላሁ።

ከዚያ በኋላ ተራ በተራ እናሳርፍ ጀመር፤ ነፋስ ኖረም አልኖረም። በሦስተኛው ዓመት ወደ ግራው ወንበር ተዛወረች፤ ካፒቴን ሃይንስ ተባለች። ያ የሰደባት ሰውዬ እንኳን ደስ ያለሽ ሊላት ሲመጣ እጇን ዘርግታ ጨበጠችውና ወደ አውሮፕላኗ ሄደች።