ገመዱ አጠገብ የተሰማ ኑዛዜ

የመንደራችንን አለቃ ፓ ሞሞን ሲወለዱ በእግራቸው ስበው ያወጧቸው አዋላጇ ማማ ቴዋ ናቸው። ይህንንም አልረሱላቸውም። ስብሰባ ላይ አለቃው ተነስተው አንድ ያልጣማቸው ነገር ከተናገሩ፣ ማማ ቴዋ ከተቀመጡበት ሳይነሱ «ድሮም ስትመጣ የተገላቢጦሽ ነው የመጣኸው» ይሏቸዋል፤ ስብሰባው በሳቅ ይበተናል። የመንደራችን የፋላሁን ሰው ግማሹ በእሳቸው እጅ የተወለደ ነው። እኔም በእጃቸው ነው የተወለድኩት፤ አድጌ ደግሞ አራቱንም ልጆቼን አዋልደውኛል። እንግዲህ ስለ እሳቸው ሳወራ ትንሽ ባዳላ አትፍረዱብኝ።

በማማ ቴዋ ዘንድ ምጥ የያዛት ሴት ነገር ከቤት አይወጣም፤ ሰው ካወቀ ምጡ ይረዝማል። ወንድ በዚያ አካባቢ ዝር አይልም። ምጡ ረዝሞ እምቢ ካለ ደግሞ በሩን ዘግተው ይቀመጡና፣ «ከልጁ ጋር ሆድሽ ውስጥ ያለውን ሌላ ነገር አውጪው፤ መንገዱን የዘጋው እሱ ነው» ይላሉ። በኛ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ያልተናዘዘች ሴት አትገላገልም። አንዷ የሰረቀችውን ዶሮ ትናገራለች፤ አንዷ አማቷን የረገመችበትን ቀን፤ አንዷ ደግሞ ከባሏ ተደብቃ የምታገኘውን ሰውዬ ስም። እኔ ምን እንዳልኩ እኔና ማማ ቴዋ እናውቃለን፤ ለእናንተ አልነግርም፤ እሳቸውም አይነግሯችሁም። የሰሙት ሁሉ እሳቸው ሆድ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። የመንደራችን ወንዶች ማማ ቴዋን መንገድ ላይ ሲያገኙ እንዴት ጎንበስ ብለው ሰላም እንደሚሉ ብታዩ፣ ፍቅር ብቻ እንዳልሆነ ይገባችኋል።

የጤና ጣቢያችን ነርስ ሲስተር ሬጂና ይህ ነገር አይጥማትም ነበር። ከተማ ተምራ የመጣች ናት። «ማማ፣ ልጅ የሚወለደው በማህፀን ነው እንጂ በወሬ አይደለም» ትላቸዋለች። እሳቸውም «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ብለው ይስቃሉ። ቢሆንም ተግባብተው ይኖሩ ነበር፤ የከበደችባቸውን ሴት ማማ ቴዋ ራሳቸው መርተው ያመጡላታል፤ እሷም ትቀበላለች።

ከዚያ ኢቦላ መጣ። አለቃው ሕግ አወጡ፤ መጨባበጥ የለም፣ ሌላ መንደር ሄዶ ማደር የለም፣ ቤት ውስጥ ማዋለድ የለም፤ ያጠፋ ይቀጣል። ሕጉን እንድታስከብር የተመረጠችው የሴቶቹ መሪ ባይንዱ ናት፤ ባይንዱ ደግሞ ሰው ለመቅጣት የተፈጠረች ናት። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ሲሄዱ ካየች እንኳ «ተራራቁ» ትላለች። እኔን እህቴን ሳምሽ ብላ ቀጥታኛለች።

ማማ ቴዋ ሥራ ፈቱ። አንድ ቀን የጎረቤት ፍየል ስትወልድ አጠገቧ ቁጭ ብለው ሲያባብሏት ባይንዱ ልትቀጣቸው መጣች። «ሕጉ ስለ ፍየል ምን ይላል?» አሏት። ባይንዱ አለቃውን ልትጠይቅ ሄደች፤ እስክትመለስ ፍየሏ መንታ ወልዳ ጠበቀቻት።

ሳቁ ይህ ነው፤ ሌላው አያስቅም። ሴቶቹ ጤና ጣቢያ መሄድ አቆሙ። ሲስተር ሬጂና ላስቲክ ለብሳ፣ ዓይኗን በትልቅ መነጽር ሸፍና፣ ሰው እንዳይቀርባት ከተዘረጋ ገመድ ወዲያ ቆማ ነው የምታናግረን። የተጠረጠረችውን ሴት መኪና መጥቶ ወደ ከተማ ይወስዳታል፤ ከእኛ መንደር የተወሰዱት አልተመለሱም። ስለዚህ ነፍሰ ጡሮቹ ቀናቸው ሲደርስ ወደ ካሳቫ እርሻ መሸሽ ጀመሩ። ኮና የምትባል ልጅ እዚያ ብቻዋን ወልዳ ደሟ ፈስሶ ሞተች። ገና ልጅ ነበረች። እስካሁን ሳስበው እበግናለሁ፤ በማን እንደምበግን ግን አላውቅም።

የባይንዱን ምራት ሚያታን ምጥ የያዛት ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያዋ ነው። ቀኑንም ሌሊቱንም አምጣ ልጁ ንቅንቅ አላለም። ጠዋት ያቺ ሰው ስትቀጣ የከረመችው ባይንዱ ማማ ቴዋ በር ላይ መጥታ በሹክሹክታ፣ «እባክዎ ማማ፣ ከትናንት ጀምሮ እያማጠች ነው፤ ገብተው ይዩልኝ» አለች።

«ሕጉስ?»

«ሕጉን ይተዉት።»

«ከትናንት ጀምሮ ከሆነ ይሄ የእኔ ብቻ ሥራ አይደለም። ሲስተር ጋ ነው የምንወስዳት» አሉ ማማ ቴዋ።

ምጥን ደግሞ ሰው ማወቅ የለበትም። ስለዚህ እኔና ጎረቤቶቼም አብረናቸው፣ ባዶ ቅርጫት ተሸክመን እርሻ የምንሄድ መስለን ወጣን፤ ሚያታ መሃላችን ሆና ዛፍ እየተደገፈች ትራመዳለች። ባሏ ላሃይ ከሩቅ፣ ከዘንባባ ወደ ዘንባባ እየተሸጎጠ ይከተለናል። መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ «ወደ እርሻ ነው?» ይላል፤ እኛም «ወደ እርሻ ነው» እንላለን። የያዝነው መንገድ ወደ ማንም እርሻ እንደማይወስድ ጠያቂውም ያውቃል።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ሰልፍ ነበር። ገበያ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ሙቀቱን መለካት ስለነበረበት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ሲስተር ሬጂና ሚያታን ከገመዱ ወዲያ ሆና አየቻት። በጭምብሉ ውስጥ እንዲሰማላት ጮክ ብላ፣ «ሚያታ፣ በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ከማን ጋር ነበርሽ? የማን ቤት ገባሽ? ሁሉንም ንገሪኝ። ከደበቅሽ ለአንቺም ለልጁም አይበጅም» አለች።

እሷ በሽታ ነው የምትፈልገው። እኛ ግን ይህን ጥያቄ የምናውቀው ከምጥ ቤት ነው። የማማ ቴዋ ፊት በራ።

«ዞረሽ ዞረሽ መጣሽ አይደል፣ ልጄ?» አሏት ነርሷን። ወደ ሚያታ ዞረው ደግሞ፣ «ተናገሪ የኔ ልጅ። በሩ ባይዘጋም ግድ የለም፤ ሲስተርም ገብቷታል» አሉ።

ሰልፉ መሳሳት ጀመረ። ልብስ ሰፊው ኪኔይ እሳቱን ሳያጠፋ እንደመጣ ትዝ አለው። ሁለት ጎረምሶች ገበያው ለሌላ ቀን ቢሆን እንደሚሻል ተስማሙ። የኢማሙ ወንድም ምንም ምክንያት ሳይሰጥ ሄደ። ባይንዱ ግን ቅርጫቷን ደፍታ ተቀመጠችበትና ጆሮዋን አቆመች። ላሃይም ከዘንባባው ጀርባ ግማሽ ፊቱን አወጣ።

«የማማ ባይንዱን ደረቅ ዓሣ የበላሁት እኔ ነኝ፤ ድመቷ አይደለችም» አለች ሚያታ።

«ያቺን ድመት እኮ ደብድቤ አባርሬያታለሁ» አለች ባይንዱ።

«ስለ ዓሣ አልጠየቅኩሽም። ሰው ነው ያልኩሽ» አለች ሲስተር ሬጂና።

ምጡ መጣባትና ሚያታ አጎነበሰች። ቀና ስትል፣ «እናቴ መንደር ሄጄ እሷ ጋ አድሬ መጣሁ» አለች።

«ታማ ነበር?»

«ታማ ነበር።»

«ትኩሳት ነበራት?»

«ፊቷ ይፋጅ ነበር።»

«ደምስ?»

«ባፏ ይወጣ ነበር።»

ሲስተር ሬጂና ወደ ኋላ ሸሽታ ስልኳን አወጣች። ስልክ ማለት መኪናው ነው። ሚያታ እንዲያ ሆና በዚያ መንገድ ከተጫነች፣ እሷም ልጁም ከተማ እንደማይደርሱ ሁላችንም አውቀናል።

«ጥርሷን ነቅለውላት እኮ ነው፣ ሲስተር» አለች ሚያታ።

«ማን አየ? ሁሉም ጥርስ ነው ይለኛል፣ ሁሉም ወባ ነው ይለኛል። ከአንቺ ሌላ ማን ነበር?»

ሚያታ አማቷን ሰረቅ አድርጋ አየች። ማማ ቴዋ ቀስ ብለው ወደ ባይንዱ ዞሩ። ጥርሱን የነቀለው ብረት ቀጥቃጭ የማማ ቴዋ ወንድም ነው፤ ማን እንደነበረ ሳይነግራቸው አይቀርም።

«አንዳንዴ መንገዱን የሚዘጋው የምታምጠዋ ነገር አይደለም። የቤተሰብ ነገርም ይዘጋል» አሉ።

«ምን ማለትዎ ነው?» አለች ባይንዱ።

«ምንም። እኔ የሰማሁትን አልናገርም፤ ታውቂኛለሽ።»

ባይንዱ ከቅርጫቷ ላይ ተነሳች። የቀጣቻቸው ሰዎች ዙሪያዋን ቆመናል። መሬት መሬት እያየች፣ «እኔ ነበርኩ» አለች። «ቀጥቃጩ ሲነቅልላት ጭንቅላቷን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጥርሱንም አይቼዋለሁ፣ የበሰበሰ መንጋጋ ነው። በማግስቱ ሩዝ በልታለች። ትናንትም ደህና ናት ብለው ልከውብኛል።»

ባይንዱና የሚያታ እናት ከሰርጉ ቀን ጀምሮ ተኳርፈው እንደማይነጋገሩ ነበር የምናውቀው። ላሃይ ከዘንባባው ጀርባ ሙሉ በሙሉ ወጣ።

«ማማ፣ አንቺ? እኔን አማቴ ደጅ እንዳልደርስ ከልክለሽኝ?»

«አንተ ዝም በል። ወንድ እዚህ ምን ይሠራል?» አለችው።

ሲስተር ሬጂና ትንሽ አሰበችና ስልኳን ኪሷ ከተተች። የሙቀት መለኪያውን ሚያታ ግንባር ላይ ደገነች፤ ደህና ነው። የባይንዱም ደህና ነው። ገመዱን ፈታችው። ረዳቷ ፈርታ ከጠፋች ስለቆየች ለማማ ቴዋም ላስቲኩን አለበሰቻቸውና ሦስቱ ገቡ፤ በሩ ተዘጋ።

ውጭ ቆመን ስንጠብቅ ለቅሶ ሰማን። የምጥ ጩኸት አይደለም፤ የሆዷን እያወጣች የምታለቅስ ሴት ድምፅ ነው፤ ቃሉ ግን አይለይም። በመሃል የማማ ቴዋ ድምፅ «ሌላስ? ጨርሰሽ አውጪው» ሲል ተሰማ። «ዋናው ገና መምጣቱ ነው» አለች አንዷ ጎረቤቴ። ከዚያ ለቅሶው ቆመ፤ ቆየና ልጅ አለቀሰ።

ማማ ቴዋ ወጡ። «ሴት ናት። እናትየዋም ደህና ናት» አሉ።

«ምን ብላ ተናዘዘች?» አለ ላሃይ።

«ልጅህ ሴት ናት አልኩህ።»

«ሰማሁ። የማንን ስም ጠራች?»

ማማ ቴዋ አፋቸውን ዘጉ። እሳቸው ከዘጉ ደግሞ ማንም አይከፍተውም። ባይንዱም «እኔ በሕዝብ ፊት ተናግሬ የለም ወይ? እሷስ ትናገር እንጂ» አለች። ላሃይ ልጁን ሳያይ ፊቱን አዙሮ መሄድ ጀመረ። በዚያች ሰዓት በማማ ቴዋ ተናደድኩ፤ አንዲት ቃል ውሸት እንኳ ብትሆን ቢወረውሩለት ምን ነበረበት?

በሩ ተከፈተና ሲስተር ሬጂና ወጣች። ጭምብሉንም መነጽሩንም አውልቃለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቷን አየነው፤ ዓይኗ አብጧል።

«ላሃይ፣ ተመለስ። ሚያታ ምንም አላለችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ» አለች። «እጄን ወደ እሷ መዘርጋት አቅቶኝ ነው። ነርስ ጓደኛዬ በበሽታው ተይዛ የሞተችው እንዲህ ያለች ሴት አዋልዳ ነው። ነፍሰ ጡር በዚህ መንገድ ስትመጣ ባየሁ ቁጥር፣ ምነው ተመልሳ በሄደች እል ነበር። ፈርቻችሁ ነው።»

ላሃይ ተመለሰ። አጠገቧ ሲያልፍ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም፤ ቀጥ ብሎ ገባ። ባይንዱ ወደ ሲስተር ሬጂና ጠጋ አለች።

«እኛስ አንቺን ፈርተን አይደል እርሻ ውስጥ የምንወልደው?» አለቻት።