ወደ ማን በር

እናቴና ጎረቤታችን ስለ ሲኦል ሲከራከሩ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ፣ ቀራንዮ ሰፈር፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ አንድ ግቢ ውስጥ፣ በር ለበር የሚተያዩ ሁለት ቤቶች አሉ። አንዱ የእኛ፣ አንዱ የእሷ። መሃል ላይ አንድ ቧንቧና አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ፤ እሱም የጋራ ነው። እሷ ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን፤ ሥጋ ለየብቻ እንበላለን፣ ሌላውን ሁሉ አብረን። ሁለቱም ባሎቻቸው ሞተውባቸዋል። እሷን "እትዬ" ብዬ ብጠራትም እንደ እናቴ "አንቺ" እያልኩ ነው የማናግራት።

ክርክሩን የምትጀምረው ሁሌም እትዬ ናት። ውሃ ጠፍቶ ሰንብቶ ጄሪካን ተሸክማ ስትመለስ፣ ወይም አየር ጤና ያለችው ሱቋ ውስጥ ስታዛጋ ውላ ምንም ሳትሸጥ ስትገባ፣ ደረጃው ላይ ዘፍ ብላ "ወላሂ ጀሀነም እዚሁ ነው! ከዚህ በላይ ደግሞ ምን ሊያደርጉን ነው?" ትላለች።

እማዬ ታማትባለች። "ኧረ በስመአብ! አፍሽን ያዢ አንቺ ሴትዮ። እዚያ ያለው እሳት ይሄንን ገነት ያስመስለዋል።"

"ሂጂልኝ! ሄደሽ አይተሽዋል?"

ከዚያ ይሳሳቃሉ፣ ምስራቸውን መልቀም ይቀጥላሉ።

እኔ የእትዬ ወገን ነበርኩ። ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ ዝናብ ሲወርድብኝ፣ አንዱ ጎረምሳ ከፊቴ ሰተት ብሎ ሲገባና ማንም ቃል ሳይናገር ሲቀር፣ ጥርሴን ነክሼ "በቃ ሲኦል ይሄ ነው" እል ነበር። ምን ያለሁ ቂል ነበርኩ! ለካ ያ ሁሉ ብስጭት ነው። የሚበሳጨው ደግሞ ደህና የዋለ ሰው ነው።

ሁለቱም አንድ አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው። ወንድሜና የእሷ ልጅ በአንድ ቧንቧ እየታጠቡ አድገው አየር ጤና አንድ ጋራዥ ተቀጠሩ። አንድ ቀን ጠዋት እንደ ልማዳቸው ለሥራ ወጡ፣ አልተመለሱም። ከሱዳን ደወሉ። ከወራት በኋላ ከሊቢያ ደወሉ። ከዚያ ወዲያ ዝም አሉ።

ስለ ሲኦል የሚደረገው ክርክርም ያኔ ቆመ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው፤ ያንን የማያውቅ የለም። ስለዚህ ማለዳ የግቢው በር ከተንኳኳ ሁለቱም ነጠላቸውን ሳይደርቡ ብድግ ይላሉ። ሰፈሩም ይሄን አውቆ ጠባዩን አስተካከለ። ወተት የምታመጣልን ሴት በሩን ከመንካቷ በፊት ከመንገዱ ጫፍ ጀምራ "ወተት ነው! ወተት ነኝ!" እያለች ትጮሃለች። ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹም ከሩቅ ይጣራሉ። ድምፅ ሳያሰማ በራችንን የሚያንኳኳ ሰው አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእድራችን ዳኛ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ከመንገድ ጠርተው ጥግ አስያዙኝ። ጀልባ ሰጥሟል አሉኝ። የእትዬ ልጅ ውስጡ ነበር። የተረፈ ልጅ ደውሎ ነው የተናገረው። ወንድሜ ታሞ ስለነበር አልተሳፈረም፤ የት እንዳለ ግን የሚያውቅ የለም።

"ነገ ማለዳ እንመጣለን" አሉኝ። "አንቺ በሩን ቀስ ብለሽ ክፈቺልን።"

"ጋሼ፣ እማዬ ትወቅ" አልኳቸው። "ድንገት ስታይዎት ምን እንደሚመስላት ያውቃሉ አይደል?"

"አይሆንም ልጄ። እናትሽ ፊቷ አይደብቅም። ሁለቱ ደግሞ አይለያዩም፤ ገና ሳይመሽ ታውቅባታለች። ተይ፣ ይቺን አንድ ሌሊት እንኳ በልታ ትተኛ።"

ደግነት ነው። እኛ ሰዎች እንደዚህ ነን፤ እህል ያልቀመሰ ሰው መርዶ አይሰማም፣ ማታ አይነገርም፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ አይነገርም። እሳቸው ላይ ክፉ ነገር ለመናገር አፌ አይታዘዝልኝም።

ስገባ እትዬ የልጇን ብርድ ልብስ አጥባ ገመዱ ላይ እያሰጣች ነበር። "ድንገት ከመጣ ሽታ ሽታ እንዳይለው" አለችኝ። ያን ቀን ደስ ብሏት ነበር፣ ምን እንደታያት እንጃ።

"ምነው ፊትሽ?"

"ራሴን አሞኝ ነው።"

"ነይ አቮካዶ ልስጥሽ፣ አንቺ ልጅ ምሳም አልበላሽ!" ብላ ሁለት ፍሬ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ በሩን ከፈትኩ። ዳኛው ከፊት፣ ከኋላ ወንዶቹና ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ገቡ። ሁለቱም በሮች እኩል ተከፈቱ። እማዬ በባዶ እግሯ ወጣች። እትዬም እንደዚያው።

ዳኛው ቧንቧው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ ወዲያ መዞር ነበረባቸው፣ ወደ አንዱ በር። እነሱ ደግሞ፣ ሁለቱ እናቶች፣ ቀና ብለው የዳኛውን ፊት አላዩም። እግራቸውን ነው የሚያዩት።

እግራቸው ወደ እትዬ በር ዞረ።

"ተመስገን!" አለች እናቴ። "ተመስገን አምላኬ! የእኔ አይደለም! የእኔ አይደለም!"

በሹክሹክታ አይደለም። ጮሃ ነው። ወዲያው አፏን በሁለት እጇ ያዘች፣ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ወጥቷል። እትዬ ገና አላለቀሰችም ነበር። ከሁሉ በፊት ዞር ብላ እናቴን አየቻት። ጩኸቷ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ድንኳን ተተከለ። እናቴ ውሃ ቀዳች፣ ዕቃ አጠበች፣ ሳር ጎዘጎዘች፤ ለቅሶው ቤት ግን እግሯን አላስገባችም። እህል አልወርድ አላት። ለንስሐ አባቷ ነገረች፤ "ደንግጠሽ ነው፣ እግዚአብሔር ይቅር ይልሻል" አሏት። ተመልሳ መጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"እሱ ይቅር ቢለኝ ምን ያደርግልኛል?" አለችኝ። "በር ለበር የምኖረው ከእሱ ጋር ነው እንዴ? እሷ ልክ ነበረች። እዚሁ ነው። እሳት እንኳ የለውም። ጠዋት ስወጣ አያታለሁ፣ ማታ ስገባ አያታለሁ፤ በቃ ይሄው ነው።"

ዕድሜዬን ሙሉ ይሄንኑ ስል የኖርኩት እኔ፣ ያን ዕለት "ኧረ አይደለም እማዬ" ልላት ፈለግኩ።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ እትዬ አልተጣላችንም፣ አላናገረችንምም። ውሃ የምትቀዳው እማዬ ስትገባ ጠብቃ ነው። ያ ብርድ ልብስ ገመዱ ላይ ቀረ። እሷ ማንሳት አቃታት፣ እኛ መንካት ፈራን። ፀሐይ መታው፣ አቧራ ጠጣ።

ክረምቱ መግቢያ ላይ አንድ ቀን ሰማዩ ድንገት ጠቆረና ወፍራም ወፍራም ጠብታ ጀመረ። እናቴ ሮጣ ወጣች። ብርድ ልብሱን ከገመዱ ላይ መንጭቃ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ እትዬ በር ላይ ቆመች። ማንኳኳት ግን አልቻለችም። እኔ ከደጃችን ሆኜ አያታለሁ፤ ዝናቡ ራሷ ላይ ይወርዳል፣ እሷ ብርድ ልብሱ እንዳይርስ ጎንበስ ብላለች።

በሩ ተከፈተ።

"ግቢ" አለቻት እትዬ።

"አልገባም። አፌን ይቁረጠው። አፌን..."

"ሰምቼሻለሁ።" የብርድ ልብሱን ጫፍ ያዘች። "እኔን ግን የሰማኝ የለም። እግራቸውን እያየሁ እኮ እኔም ለምኛለሁ። ያ አላህ፣ ወደ እሷ አዙረው አልኩ። ወደ አንቺ በር። አንቺ የጮህሽው ካለፈ በኋላ ነው። እኔ ልጅሽን ቀድሜ ሰጥቼው ነበር።"

እናቴ ብርድ ልብሱን እንዳቀፈች ደፉ ላይ ተቀመጠች፣ እትዬም አጠገቧ ተቀመጠች። ብርድ ልብሱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ትከሻ ለትከሻ ሆነው እያለቀሱ ዝናቡ እስኪያባራ ቆዩ።

ቀለላቸው ብል ደስ ባለኝ ነበር። አልቀለላቸውም። ምስር አብረው ይለቅማሉ እንጂ ስለ ሲኦል የሚያወራ የለም፤ ሁለቱም ደርሰው መጥተዋላ። ወንድሜ እስከ ዛሬ አልደወለም።

ባለፈው ሳምንት ማለዳ በሩ ተንኳኳ። "ወተት ነኝ" የሚል ድምፅ አልነበረም። እናቴ ብድግ አለችና የበሩን መቃን ይዛ ቀረች። እትዬ ነጠላዋን አገልድማ ከቤቷ ወጣች።

"ቁጭ በይ" አለቻት። "እኔ እከፍታለሁ። ለእኔ ከእንግዲህ የሚመጣ የለም።"