ከፎቶው ሥር ያለው ድምፅ

ይህ የሆነው አምና፣ የሒባ ኒካህ አራት ቀን ሲቀረው ነው። አሁንም አውራ ጣቴን ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። በዚህች ጥፍሬ ምን ልሠራ እንደነበር አስባለሁ።

ሒባ የሰሚራ ልጅ ናት። ሰሚራ ደግሞ በዲቪ መጥቼ ማረፊያ ሳጣ፣ ኦክላንድ ባለው ቤቷ ሳሎን ውስጥ አራት ወር ያኖረችኝ ሴት ናት። ስለዚህ ስትጠራኝ እምቢ አይባልም። ሚልፒታስ የሚባል ከተማ፣ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ ስለምሠራ የምናውቀው ሰው ሁሉ የኮምፒውተር ሊቅ አድርጎ ይቆጥረኛል። የኔ ሥራ እቃ ማሸግ ነው። ሊቅ ሲሉኝ ግን ደስ ስለሚለኝ አላስተባብልም።

የሰሚራ እናት እማማ ዘይነባ አንድ ሲዲ ይዘው ጠበቁኝ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ደሴ የተቀረጸ የሰሚራ ሰርግ ነው። ባለቤታቸው ጋሽ ይማም ከዚያ ሰርግ በኋላ ብዙም አልቆዩም። ድምፃቸው የቀረው እዚያ ሲዲ ላይ ብቻ ነው፤ ልጃቸውን ሲመርቁ። እማማ የፈለጉት ያ ምርቃት ለልጅ ልጃቸው ኒካህ እንዲሰማ ነበር። የዚያን ጊዜ ቪዲዮ አንሺዎች እንደሚያደርጉት ሲዲው ላይ ፎቶ ተለጥፎበታል። ጋሽ ይማም ነጭ ጥምጥም አድርገው በሙሽሮቹ መሃል ቆመዋል።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ጉሙ ከባሕሩ በኩል ገብቶ መስኮቱን ነጭ አድርጎታል፤ ቤቱ ውስጥ ሰዓት የቆመ ይመስላል። አዲሱን የሲዲ ማጫወቻዬን ላፕቶፔ ላይ ሰክቼ ሲዲውን ከተትኩት። መዞር ጀመረ፣ ፈጠነ፣ ከዚያ ጠረጴዛው እስኪርገበገብ ተንቀጠቀጠና ቆመ። ኮምፒውተሩ ሲዲው ባዶ ነው አለኝ። በጨርቅ ጠረግኩት። የሰሚራን ኮምፒውተር ሞከርኩ፤ ያው ነው። እማማ ግን ከሁለት ዓመት በፊት ሳን ሆዜ፣ የወንድማቸው ልጅ ቤት በዓይናቸው እንዳዩት በረጋ ድምፅ ነገሩኝ። አንዱ ጋ እየሠራ ሌላው ጋ እምቢ ማለቱ እልህ አስያዘኝ።

ሲዲውን አገላብጬ ሳየው ፎቶው በአንድ በኩል ተነፍቶ ጠርዙ ተነስቷል። በቃ ወረቀቱ ነው፣ ሚዛኑን ስቶ ነው የሚንቀጠቀጠው አልኩ። እዚህ ላይ አልተሳሳትኩም። የተሳሳትኩት ቀጥሎ ነው። በአውራ ጣቴ ጥፍር ጠርዙን ይዤ መላጥ ጀመርኩ።

የእማማ እጅ እጄ ላይ አረፈ።

«ፊቱን ልትልጠው ነው እንዴ ልጄ?»

«እማማ፣ ወረቀቱ ካልተነሳ ድምፃቸውን አይሰሙም።»

«እንግዲያው አልሰማም። ተወው።»

ሰሚራ ልታግባባቸው ሞከረች፤ እሱ ያውቃል አለቻቸው። አልሰሟትም። እኔም ለወረቀት ብለው ድምፁን ሊያጡ ነው እያልኩ በሆዴ አጉረመረምኩ።

ልመልስላቸው ከፍ ሳደርገው ሲዲው ከመስኮቱ ብርሃን ጋር ተገጣጠመ። ጥፍሬ የነካው ጠርዝ ላይ፣ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ቦታ ብርሃን አሳለፈች። የተነሳችውን የወረቀት ጫፍ ጀርባዋን አየሁት። ብር የመሰለ ስስ ነገር ተጣብቆባታል። ቀረጻው ያለው እዚያ ስስ ነገር ላይ ነው፤ ፕላስቲኩ ውስጥ ሳይሆን ልክ ከፎቶው ሥር። ልጬው ቢሆን ኖሮ ድምፃቸው ከፎቷቸው ጋር ተላጦ እጄ ላይ ይቀር ነበር። ደግነቱ ቀረጻ ከመሃል ተነስቶ ወደ ዳር ነው የሚሄደው፤ ዳሩ ገና ባዶ ነበር።

አልደበቅኳቸውም። እማማ ቀዳዳዋን በጣታቸው ዳበሱና አላህ ነው እጅህን የያዘው አሉኝ። የያዙት እሳቸው ነበሩ።

ከዚያ ነው መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን የጠየቅኩት፤ የሳን ሆዜው ኮምፒውተር ምን ዓይነት ነው? ሰሚራ ሳቀች። ከፍተኸው ሻይ አፍልተህ ጠጥተህ ነው የምትመለሰው አለች። ነገሩ ያኔ ገባኝ። አዲሶቹ በፍጥነት ስለሚያሽከረክሩት ነው ያስቸገረው። ያ ቀርፋፋ ግን ቀስ አድርጎ ይይዘዋል።

በማግስቱ ሒባ ነዳችልን። ልጅቷ አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። እማማ ሲዲውን በሻርፕ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ጉሙ ሚልፒታስን እስክናልፍ አልለቀቀንም፤ ከፊታችን ያሉት መኪኖች ብቅ እያሉ ይጠፉ ነበር።

ኮምፒውተሩ ጋራዥ ውስጥ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ለመከፈት የፈጀውን ጊዜ አልነግራችሁም። ሲዲው ግን አልተንቀጠቀጠም፤ በለሆሳስ እያጉረመረመ ዞረ። መጀመሪያ ኮፒ አደረግኩት። ከዚያ ከፈትኩት።

ምስሉ ደብዝዟል፤ ሰዎቹ ውሃ ውስጥ የሚሄዱ ይመስላሉ። ጋሽ ይማም እጃቸውን ዘረጉ። «ሰሚራ፣ እኔ ያንቺን ወግ እንዳየሁ፣ አንቺም የልጅሽን ወግ ማዕረግ ለማየት ያብቃሽ። እኔ ባልደርስ ዱዓዬ ይድረስ» አሉ።

ደሴ ያለው ሰው ሁሉ አሚን አለ። ጋራዡ ውስጥ ደግሞ፣ ከኋላዬ፣ ሒባ ቀስ ብላ «አሚን» አለች። ዞር ብዬ ላያት አፈርኩ፤ እኔም እያለቀስኩ ነበር።

እሑድ ዕለት ምርቃቱ በኒካሁ ላይ ተሰማ። ሲዲው ከነፎቶው እማማ ዘንድ አለ። እኔ ዘንድ አሁንም የተበላሸ ነገር ይዘው ይመጣሉ። ሊቅ ሲሉኝ አሁን አስተባብላለሁ። ከዚያም እጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ባለቤቱን አስቀድሜ እጠይቃለሁ።