የአፍራ ስፌት

ጋሽ ታጁዲን ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ አርባ ዓመት አንድ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሰፍተዋል። የእኔንም የልጆቼንም ልብስ የሰፉልን እሳቸው ናቸው። ሰው ልብስ ሲያመጣላቸው መጀመሪያ ገልብጠው ውስጡን ነው የሚያዩት። «ፊቱ ይዋሻል» ይላሉ።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ አፍራ። ኩላሊቷን ታማ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት፤ አላህ ይርሐማት። ሠዓሊ ነበረች። አባቷ ግን ሥዕሏን ወደውላት አያውቁም። «አበባ ሣዪ፣ በር ሣዪ፣ የሚታወቅ ነገር ሣዪ» ይሏት ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ዮዲ የምትባል ወጣት ወደ በረንዳው መጣች። ፈላና በር አጠገብ፣ በአሮጌ የነጋዴ ቤት ውስጥ በተከፈተው የዘመናዊ ሥዕል ሙዚየም ትሠራለች። ከአፍራ ጓደኛ ዘንድ አንድ ሥዕል ተገኝቶ እዚያ ተሰቅሏል። አባቷ ከፈቀዱ እዚያው ይቀራል፤ ካልፈቀዱ ወደ ቤታቸው ይወስዱታል። ሌሎቹን በሕይወት ሳለች ሸጣቸዋለች፤ የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም።

«አንቺም ነይ ሥራዬ» አሉኝ ጋሽ ታጁዲን፣ እንደ ልማዳቸው አቆላምጠው። «ብቻዬን ስስቅ እንዳይታዘቡኝ።»

መጀመሪያው ክፍል ውስጥ የተጨማደዱ ቢጫ ጀሪካኖች በሽቦ ተንጠልጥለዋል። ጋሽ ታጁዲን እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ዞሯቸው።

«ቁራሌው ረስቷቸው ነው?»

ዮዲ ሳቀች። «የውሃ ወረፋ ነው ጋሼ።»

«እሱንማ ቤቴም አለኝ።»

የአፍራ ሥዕል ሁለተኛው ክፍል፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ነበር። አመድማ ነጭ ሸራ ነው፤ አጫጭር ሰማያዊ መስመሮች ከላይ እስከ ታች ተደርድረውበታል። ሌላ ምንም የለበትም። ብዙ ቆሙ። ቀልዳቸው አለቀ።

«ልጄ ናት፤ ምንም አልገባኝም» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ዮዲን «ጀርባውን አሳዪኝ» አሏት።

አመነታች፤ ግን አውርዳ ጠረጴዛ ላይ ደፋችው።

ሸራው አንድ ወጥ ጨርቅ አልነበረም። የኮት ገበር፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የትራስ ልብስ፣ ሁሉም ከበረንዳቸው ወለል የተለቀመ ቁርጥራጭ ነው። እነዚያ መስመሮችም ቀለም የተቀቡ የእጅ ስፌቶች ነበሩ።

አፍራ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ስፌት ልትማር አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር። የሰፋችውን እጅጌ ደንበኛ ፊት ተርትረው ጣሉባት። ከዚያ ወዲህ መርፌ ስትይዝ አይተዋት አያውቁም።

ጣታቸውን በስፌቱ ላይ አስኬዱት። «እዚህ ጋ ጠማማ ነው።» ጣታቸው ወደ ታች ወረደ። «እዚህ ጋ ደግሞ ቀጥ ብሏል። ማን አሳያት?»



ታች ጥግ ላይ አንድ ስፌት ላልቶ ክሩ ተንጠልጥሏል። እጃቸው ወደ ኮታቸው ኮሌታ ሄዶ የተሰካውን መርፌ መዘዘ። ዮዲ ላስቆማቸው ወይ በሚል ዓይን አየችኝ፤ ተያቸው ብዬ በእጄ ጠቀስኳት። መርፌውን እንደያዙ ብዙ ቆዩ፤ ከዚያ መልሰው ሰኩት።

«እዚሁ ይቅር» አሉ።

«ምነው? ቤት ቢሆን በየቀኑ ያዩት ነበር» አልኳቸው።

«ከወሰድኩት እተረትረዋለሁ። እጄን አውቀዋለሁ ሥራዬ። ዛሬ ይችን አስተካክላለሁ፣ ነገ ያችን። በመጨረሻ የእሷ ምን ይቀራል?» ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

ዮዲ ሥዕሉን መልሳ ሰቀለችው። ትንሽ ወደ ግራ ዘሟል፤ እኔ እንኳ አየሁት።

«ቀጥ አለ ጋሼ?»

«ቀጥ ብሏል ልጄ» አሉ።