በክሪክ የተጨመቀ ዘይት

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ሥራ ጉሎ መጭመቅ ነበር። እሑድ ከሰዓት ነው። መርሳ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ከጋራዡ ጀርባ እሱ የክሪኩን እጀታ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ እኔ ከሥር ኩባያ ይዤ ጠብታውን እጠብቃለሁ። ባለቤቴ መካኒክ ነበር። የጭነት መኪና የሚያነሳበትን ክሪክ በብረት ማቀፊያ ውስጥ አቁሞ፣ የተላጠ የጉሎ ፍሬ በጨርቅ ከረጢት አድርጎ ሥሩ እያኖረ ዘይት የሚያወጣበትን መላ ራሱ ነው ያበጀው። እሳት ስለማይነካው ዘይቱ ጥርት ያለ ቢጫ ነው። ሽታም የለውም ማለት ይቻላል።

ነገሩ የተጀመረው በእጁ ምክንያት ነው። ናፍጣና ግራሶ ጣቶቹን ሰነጣጥቀውበት እንጀራ ሲቆርስ ወጡ ያቃጥለው ነበር። የሰሊጥም የኑግም ዘይት ሞከርን። የተስማማው ጉሎ ሆነ፤ ወፍራም ስለሆነ ስንጥቁ ላይ ይቆያል። እያደር የሰፈሩ ሴቶች ለተረከዛቸው፣ ለልጆቻቸው ፀጉር ይወስዱ ጀመር። "ስንት ቶን ሲያነሳ የኖረ ክሪክ የሴት ተረከዝ ማለስለሻ ሆኖ ቀረ" ይል ነበር። ያን እሑድም ብሎታል። መቶ ጊዜ የሰማሁት ነው፤ ግን ሳቅሁ።

በማግሥቱ ከሥራ ቦታዬ ወሰዱኝ። የምሠራው መዝገብ ቤት ነበር። የሰፈራችን ሴቶች ተይዘው የተወሰዱ ልጆቻቸው የት እንዳሉ የሚጠይቅ ማመልከቻ ጻፊልን ብለውኝ ጽፌላቸው ነበር። ከታች የፈረሙት እነሱ ናቸው፤ የእጅ ጽሑፉ ግን የእኔ ነው፣ በከተማው የሚያውቀው ብዙ ነው። ሁለት ሰዎች መጥተው ለአንድ ጥያቄ ትፈለጊያለሽ አሉኝ። ሹራቤን ከወንበሩ ሳላነሳ ወጣሁ። እመለሳለሁ ብዬ ነው።

ያስገቡኝ ወልዲያ፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው። ሲሚንቶው ተሰነጣጥቋል፤ በስንጥቁ ውስጥ የማሽላ ፍሬ ቀርቶበታል። ከፍ ብሎ በሽቦ የታጠረ አንድ መስኮት አለ። ዘጠኝ ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንዷ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝና ስሜን ሳትጠይቅ "ምን ይዘሽ መጣሽ?" አለችኝ። ባዶ እጄን አሳየኋት።

ለአሥራችን በቀን አንድ ጀሪካን ውሃ ይሰጠን ነበር። የሲሚንቶው ብናኝና የልብስ ሳሙናው ቆዳችንን አደረቀው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ክንዳችንን በጥፍር ስንነካው እንደ ጠመኔ ነጭ መስመር ያወጣል። ከሁሉ የባሰባቸው የውርጌሳዋ አሮጊት ነበሩ። ሙስሊም ናቸው፤ የተያዙት ልጃቸው ሲፈለግ እሱ ጠፍቶ ነው። ተረከዛቸው ተተርትሮ፣ ሶላት ጨርሰው ሲነሡ የሚሰግዱበት ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ደም ይቀራል። አያማርሩም። ከረጢቱን ገልብጠው ያነጥፉታል።

ጠያቂ አይገባም ነበር። ሐሙስ ሐሙስ በበሩ ዕቃ ብቻ ይቀበላሉ። ምግቡን የምትሠራው የባለቤቴ እህት ነበረች። እሱ ግን ከምግቡ ጋር በትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ የጉሎ ዘይት መላክ ጀመረ። የሚገባ ነገር ሁሉ አምጪው ይቀምሰዋል፤ ደንብ ነው። የሚቀባ እንጂ የሚበላ አይደለም ቢላቸው አልሰሙትም። አንድ ክዳን ሙሉ ጠጣ። የጉሎ ዘይት ሆድን ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠባቂዋ በሩን ከፍታ ጠርሙሱን ስትሰጠኝ ባልሽ ወደ መናኸሪያው ሳይሆን ወደ ሽንት ቤቱ ነው የሮጠው ብላ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ክፍላችን ውስጥ "ለሚስቱ አንጀቱን ያጠበው" ተባለ። ሐሙስ ጠርሙሱ በተከፈተ ቁጥር አንዷ ስለ ሆዱ ሳትጠይቅ አታልፍም።

ዘይቱን በጠብታ ነበር የምንካፈለው። ለእያንዳንዳችን በመዳፍ ሦስት ጠብታ፤ ለአሮጊቷ ተረከዝ ስድስት። የምቀባቸው እኔ ነበርኩ። በውሃ የራሰ ጨርቅ ተረከዛቸው ላይ አቆያለሁ፣ ከዚያ እርጥበቱ ሳይደርቅ ዘይቱን በአውራ ጣቴ ወደ ስንጥቁ አስገባለሁ። ባለቤቴ በገዛ እጁ ላይ የተማረው ዘዴ ነው። በወሩ ከረጢቱ ላይ ደም መታየቱ ቀረ።

በሰባተኛው ሳምንት ሐሙስ ጠርሙሱ መጣ። ከፈትኩት። ዘይቱ እንደ ሻይ ጠቁሯል፤ ጭስ ጭስ ይላል። መዳፌ ላይ አንጠብጥቤ አየሁት። የአማቴ ቤት አሠራር ነው፦ ጉሎውን ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ በውሃ አፍልቶ ከላይ የሚንሳፈፈውን መግፈፍ። እህቱ እንዲህ ታወጣዋለች። እሱ "ጭስ ነው የምትቀቡት" እያለ ያበሽቃት ነበር። እሱ ባለበት ቤት እንዲህ ያለ ዘይት ተሠርቶ አይላክልኝም።

ክሪኩ ለሥራ ተፈልጎ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ደሴ ለዕቃ ሄዶም ይሆናል። ቀና ስል ግን ሴቶቹ ሁሉ ሌላ ሌላውን ያያሉ። ጠርሙሱ ተከፍቶ ማንም ስለ ሆዱ አልጠየቀም።

"ዘይቱ ለምን ጠቆረ?" አልኩ።

ከመካከላችን አንዷ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። "ክሪኩ ተበላሽቶ ይሆናል" አለች፣ ወለሉን እያየች።

"እሱ እኮ መካኒክ ነው" አልኳት።

ወደ አሮጊቷ ዞርኩ። መቁጠሪያቸውን ይዘዋል፤ ጣታቸው ግን አይንቀሳቀስም።

"እማማ፣ አንቱ አይዋሹኝም።"

መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩት። "መርዶ ማለዳ ነው የሚነገር፣ ልጄ። ዘመድ ተሰብስቦ። በእናንተም በእኛም ያው ነው። እዚህ ሲሚንቶ ላይ እንዴት አድርጌ ልንገርሽ?"

ነገሩኝ ማለት ነው። ግን እንዲህ በጎን ሾልኮ እንዲቀር አልፈለግሁም። "እኔ የታሰርኩት የሰው ልጅ የት እንዳለ ጠይቄ ነው" አልኳቸው። "የራሴን ሰው ሳላውቅ አታስቀምጡኝ። ዘመድ ካስፈለገ እናንተ አላችሁ። በወጉ ይንገሩኝ።"

አሮጊቷ ተነሡ። ሴቶቹን አንድ በአንድ ጠርተው በዙሪያዬ አስቀመጧቸው። ተማሪዋ ከኋላዬ ሆና ትከሻዬን ያዘች። አሮጊቷ ከፊቴ ተንበርክከው ነጠላዬን በእጃቸው አስተካከሉልኝ፤ ከዚያ ነገሩኝ። ቅዳሜ ነው፤ ከመኪና ሥር ወጥቶ ውሃ ጠየቀ። ውሃው ሲመጣ እንደተቀመጠ ሕይወቱ አልፎ አገኙት። መርሳ ተቀብሯል። የመርሳ ልጅ የሆነች ጠባቂ ሰኞ ለእነሱ ነግራቸዋለች፤ እህቱ ደግሞ እስክትፈታ እንዳትሰማ ብላ ለምናለች። "አላህ ሶብሩን ይስጥሽ" አሉኝ።

ያለቀስኩትን አልጽፍም። ድምፃችን ወጥቶ ስለነበር በሩ ተደበደበ። ሌላዋ ጠባቂ፣ ጎልማሳዋ፣ ከፍታ ተበተኑ አለች። ተነሥቼ በሩ ላይ ቆምኩ።

"ባሌ ሞቶብኛል" አልኳት። "ድምፅ አናሰማም። ግን ሦስት ቀን መሬት እንቀመጣለን። ተነሡ አትበሉን።"

"ለቆጠራስ?"

"ተቀምጠን ቁጠሩን።"

ጥቂት አየችኝ። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ሦስት ቀን ጠዋትና ማታ ተቀምጠን ተቆጠርን። ለቆጠራ ቶሎ አልቆምሽም ተብላ አንዲት ሴት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ በዋለችበት ግቢ ነው።

መርዶውን የሰማሁ ዕለት ከሰዓት አሮጊቷ ለሶላት ሲዘጋጁ ጨርቁን አርሼ ጠርሙሱን አነሳሁ። እግራቸውን ሰበሰቡ። በእኛ ሐዘንተኛ ሴት ፀጉሯንም ገላዋንም ቅባት አታስነካም፤ እሳቸውም ያውቁታል። ዛሬስ ተይኝ አሉኝ።

"እኔ አልቀባም" አልኳቸው። "አንቱ ግን ነገም ይቆማሉ።"

እግራቸውን ሰጡኝ። ጥቁሩ ዘይት ከቢጫው ይልቅ ይሸታል እንጂ ስንጥቁ ውስጥ እኩል ነው የሚገባው። ስድስት ጠብታ አደረግሁላቸው። የእኔን ሦስት ጠብታ ለተማሪዋ ሰጠኋት፤ እስክወጣ ድረስም እንዲሁ ሆነ።

ከአራት ወር በኋላ ክስ ሳይቀርብብኝ ሂጂ አሉኝ። አርባው አልፎ ነበር። የባለቤቴ እህት እቤት አንገቴ ላይ ወድቃ አለቀሰች። የክሪኩን እጀታ ለመጫን ሞክራ ክንዷ አልችል ሲላት የምታውቀውን እሳት እንዳነደደች፣ ልዩነቱን ታውቀዋለች ብላ እንዳላሰበች ነገረችኝ። አልተቆጣሁም። እዚያ ብቻዬን እንዳልሰማ ብላ ነው። ብቻዬን እንዳልሰማሁ፣ ማን ፊቴ ተንበርክኮ እንደነገረኝ ነገርኳት። ደጋግማ አስነገረችኝ።

ይህን ስጽፍ ሁለተኛ ዓመቱ እየመጣ ነው። በቀን ከግማሽ ገጽ በላይ አልችልም።

በመርሳም በአጎራባቿ ግራናም ሰው የታሰረበት ቤት ለቅሶ ሲደርስበት ሞቱን ከእስረኛው እንዴት እንሰውረው ብለው ወደ እኔ የሚመጡ አሉ። አትሰውሩት እላቸዋለሁ። ከቤተሰቡ ሁለት ሰው ይዤ በመጀመሪያው መኪና ወልዲያ እወጣለሁ። በሩ ላይ ስሜን ሰጥቼ ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ ከከለከሉኝ በማግሥቱ እመለሳለሁ። ሲፈቅዱልኝ ገብቼ እስረኛው ፊት እቀመጣለሁ፣ ማን እንደሞተና የት እንደተቀበረ እነግረዋለሁ።