ያልተቋጨ ነጠላ

ለወንድሜ ሴት ልጅ የክርስትና ነጠላ ልገዛ ሽሮ ሜዳ አንድ ሱቅ ገባሁ። የአዲስ ጥጥ ሽታ ሲመታኝ የልጅነቴ አንድ ቀን ትዝ አለኝ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ሕፃኗ እህቴ ሰማንያ ቀን ሞልቷት ልትጠመቅ ዘጠኝ ቀን ሲቀራት ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። እናቴ «ሩጪ፣ የንስሐ አባታችንን ጥሪ፤ አሁኑኑ ያጥምቋት» ብላ ወደ ቁስቋም ላከችኝ። እኔ ግን ያለ አዲስ ነጠላ ክርስትና የሚነሳ አይመስለኝም ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ነጠላው ወደታዘዘበት ሸማኔ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ዘርፉን ቋጭታ እስክትጨርስ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።

ከዚያ ቁስቋም ደርሼ ስነግራቸው፣ አባ ቁልቁለቱን እየሮጡ ነው የወረዱት። ደጃፋችን ስንደርስ ለቅሶ ሰማን።

እናቴ «ሳትጠመቅ ሄደች። ልጄ ትድናለች ወይ፣ አባ?» አለቻቸው።

አባ እጄ ላይ ያለውን ነጠላ አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«እኔ ነኝ የዘገየሁት» አሏት።

እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ እንደተቀየመቻቸው ኖረች። እኔም የዘገየሁት እኔ መሆኔን ሳልነግራት ቀረሁ። ስለ መዳን ሲሰበክ ሰው ሁሉ እፎይ ይላል፤ እኔ የአባ ፊት ይመጣብኝና መቀመጥ ያቅተኛል።

ሻጯ «ትንሽ አረፍ ይበሉ፣ ዘርፉን ልቋጭልዎ» አለችኝ።

«ይቅር፣ እንዳለ ስጪኝ» ብያት ወጣሁ። ልጅቷ ደህና ናት፤ ክርስትናዋም ገና ሳምንት ይቀረዋል። እኔ ግን እስከ ታክሲ ተራው ድረስ ሮጥኩ።