የኋላው ግድግዳ ፈቃድ

የአባቴ ክፍል የኋላ ግድግዳ ወደ ደቻቱ ወንዝ ያያል። ያይ ነበር ልበል እንጂ። በበልጉ ዝናብ ውሃው ከሥሩ በልቶት ሆዱን ወደ ውስጥ ነፋ፤ ከጣሪያው ጋር በሚገናኝበት በኩልም እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ወጣ። አባቴ የሚተኛው እዚያው ግድግዳ ሥር ነበር። እግሮቹ አልታዘዝ ካሉት ሦስት ዓመት ሆኖታል። "ሳሎን እናውጣህ" ስለው "በሙቀት ልትቀቅሉኝ ነው?" ይላል። እውነቱን ነው፤ ከቤታችን ነፋስ የምታገኘው ያቺ ክፍል ብቻ ነበረች።

ጎረቤታችን ግንበኛ ነው። ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና "ድንጋይ ብቻ አቅርቡ። አርብ ከጁምዓ መልስ ከጓደኞቼ ጋር እንገባበታለን፤ ቅዳሜ ያልቃል" አለ። በማግስቱ ድንጋዩን ግቢያችን ውስጥ አስደረደርኩ።

አባቴ ድንጋዩ ሲራገፍ ሰምቶ ከአልጋው ላይ "ወረቀቱስ?" አለኝ።

አባቴ ሠላሳ ዓመት ባቡር የነዳ ሰው ነው። የጣቢያው ሹም የፈረመበት ወረቀት እጁ ካልገባ፣ መስመሩ ባዶ መሆኑን በዓይኑ እያየ እንኳ ንቅንቅ አይልም ነበር። ጡረታ ከወጣም በኋላ የሚኖረው በዚያው ደንብ ነው። በዚያ ላይ ከእኛ ዝቅ ብሎ ያለ ጎረቤት ያለ ፈቃድ የሠራውን አጥር ደንብ አስከባሪዎች እንዳፈረሱበት ሰምቷል። "ፈቃዱ ሳይመጣ አንድ ድንጋይ እንዳይነካ" አለ።

ግንበኛው ወደ በሩ ሳብ አደረገኝ። "አቦ፣ መጥቷል በይው! ተነስቶ አያይ። እኔ ወላሂ በሁለት ቀን እጨርስልሻለሁ።"

"አባቴን አልዋሽም" አልኩት። እንዲያውም ኮራሁ። ያን ኩራቴን ሳስበው ዛሬም ራሴን በጥፊ ማጮል ያምረኛል።

የምሠራው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ስፌት ላይ ስለሆነ፣ ፈረቃ እየተቀያየርኩ መመላለስ ጀመርኩ። ቀበሌ "ካርታ አምጪ" አለኝ። ካርታውን ስወስድ የድሮ ስለሆነ መዝገብ ቤት ይመሳከር ተባለ። መዝገብ ቤት ፋይሉን አጣው። ፋይሉ ሲገኝ ቤቱ ወንዝ ዳር ነውና ሌላ ቢሮ ደብዳቤ ይጻፍ አሉ። ደብዳቤው ሲደርስ መሐንዲሱ ፊልድ ወጥቷል። እሱ ሲመለስ ሲስተም የለም። ክፉ ሰው ግን አልገጠመኝም፤ ይሄ ነው የሚያናድደኝ። አንዷ ሠራተኛ ላቤን አይታ ውሃ ሰጥታኛለች። ሁሉም በትሕትና ነበር ነገ የሚሉኝ።

እየቆየሁ ፈቃድ በሚሰጠው ቢሮ አዳራሽ ውስጥ የራሴ ቦታ ያዝኩ፤ ከበሩ አጠገብ ያለው የአግዳሚው ጫፍ። የአዳራሹን ትልቅ ብረት በር ነፋስ እንዲገባ ብለው እስከ ግድግዳው ድረስ ወለል አድርገው ይከፍቱትና በድንጋይ ያስደግፉታል። ጀርባዬን በዚያ በር ላይ ደግፌ ሁለት ወር ተኩል ጠበቅኩ። ማታ ስመለስ አባቴ "መጣ?" ይለኛል። "ገና ነው" እለዋለሁ። ስንጥቁ አሁን ክንድ ያስገባ ነበር።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ቢሮው ከምሳ በኋላ እስኪከፈት ደጁ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ድሬ ላይ ጠብታ አልወረደም። ዝናቡ የጣለው ላይ፣ ደጋው ላይ ነበር። ደቻቱ ሲመጣ እንዲህ ነው፤ ፀሐይ እያቃጠለች ነው የሚመጣው። ስልኬ ጮኸ። ግንበኛው ነበር። "ነይ" ብቻ አለኝ።

ስደርስ ግድግዳው አልጋው ላይ ተኝቷል። ግንበኛው ድንጋዩን በባዶ እጁ እያነሳ አባቴን አውጥቶት ነበር፤ ጥፍሮቹ ደም በደም ሆነዋል። ያዘጋጀሁት አዲስ ድንጋይ እንደተደረደረ ግቢው ውስጥ አለ።

አባቴ ሆስፒታል አራት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ዓይኑን ገልጦ "ወረቀቱ መጣ?" አለኝ።

"ገና ነው።"

"እንግዲያው ጠብቂ" አለ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

አርባው ካለፈ በኋላ ያስገባሁትን ካርታ ልቀበል ወደዚያው ቢሮ ሄድኩ። አቧራ የሚያነሳ ነፋስ ስለነበር ዘበኛው ከኋላዬ በሩን ዘጋው። ሲዘጋው፣ በሩ ይሸፍነው በነበረው ግድግዳ ላይ ባለመስታወት ሰሌዳ አየሁ። አቧራውን በነጠላዬ ጠረግኩት። የግንባታ ፈቃድ የማያስፈልጋቸው ሥራዎች ይላል። ቀለም መቀባት፣ የጣሪያ ቆርቆሮ መቀየር። ቀጥሎ፣ የተጎዳ ግድግዳን በነበረበት ቦታና ከፍታ መልሶ መሥራት፤ ለቀበሌ በጽሑፍ ማሳወቅ ይበቃል። ከሥሩ ማኅተምና ፊርማ አለ። አባቴ ይሄንን ባነብለት ኖሮ በዚያው አርብ "ጀምሩ" ይል ነበር።

ውሃ የሰጠችኝን ሠራተኛ ጠርቼ አሳየኋት። "ውይ፣ እዚህ ነበር እንዴ?" አለች። እኔም ለካ ያን ሁሉ ቀን ከእሱ ጋር ጀርባ ለጀርባ ነበርኩ።

ቤት ስደርስ ግንበኛው ደጁ ላይ ለከሰዓቱ የአስር ሶላት እግሩን በጆግ ይታጠባል። ከቀብሩ ወዲህ ባገኘኝ ቁጥር "ዝም ብዬ ብጀምረው ኖሮ" ነው የሚለኝ። ከስቷል። ሥራም እንደ ድሮው አይወጣም።

"ምን አሉሽ?" አለኝ ውሃውን ገታ አድርጎ።

አየሁት። ጥፍሮቹ ገና በቅጡ አልበቀሉም።

"ያለ ፈቃድ ብትነኩት ኖሮ እናፈርሰው ነበር አሉኝ" አልኩት።

"አልሐምዱሊላህ" አለ፤ ረጅም ትንፋሽ አወጣና ሁለተኛ እግሩን መታጠብ ጀመረ።